ጋሽ እሸቴና የለገዳዲ ወፎች

ቦሌ ሚካኤል ሰፈር ገብታችሁ «የወፉ ሰውዬ ቤት የቱ ነው?» ብትሉ፣ ጋሽ እሸቴ በር ላይ የማያደርሳችሁ ሰው አልነበረም። ስማቸውን የማያውቅ እንኳ መነፅራቸውን ያውቃል። ያ ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ ትልቅ ጥቁር መነፅር፣ ከግድብ ሥራ ጋር የመጣ አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ትቶላቸው የሄደው ነው። እሳቸው በወጣትነታቸው የለገዳዲን ግድብ የውሃ ከፍታ የሚለኩ ሠራተኛ ነበሩ። በኋላ እግራቸው ሲያስቸግራቸው ወደ ቢሮ ቢዛወሩም፣ ኅዳር በገባ ቁጥር ልባቸው እዚያው ግድቡ ዳር ነው። ኅዳር ሲገባ ውሃው በወፍ ይሸፈናላ! ብርድ ሸሽተው ከሩቅ አገር የሚመጡ፣ ይብራ የሚባሉ የዱር ዳክዬዎች፣ ሽመላዎች፣ ስማቸው የማይታወቅ ስንትና ስንት ዓይነት። ስሙን ለማያውቁት ወፍ ራሳቸው ስም ያወጡለታል፤ «አካፋ አፍ»፣ «መርፌ ጭራ» እያሉ።

ሰውየው ቁጡ ናቸው። ወጥ ቀዘቀዘ ብለው ይቆጣሉ፣ ወጥ ፈጀኝ ብለውም ይቆጣሉ። ግን አመዱን ገለጥ ያደረገ ሰው ሆደ ቡቡነታቸውን ያገኘዋል። በሃይማኖታቸው ደግሞ ቀልድ አያውቁም። የሚካኤልን ቅዳሴ አያስታጉሉም፤ ጾም ከልጅነታቸው ጀምሮ ገድፈው አያውቁም፤ የወባ ትኩሳት ጥሏቸው ሐኪሙ «ወተት ይጠጡ» ሲላቸው እንኳ ሐኪሙን ተሳድበው ነው የወጡት።

ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው ቤት ምን ቢመጣ ጥሩ ነው? አንዲት ልጃቸው ስመኝ ጴንጤ ሆና አረፈችው!

እናቷ ወይዘሮ ወለተማርያም አለቀሱ። ጋሽ እሸቴ ጮኹ፣ ማሉ፣ ተገዘቱ። ልጅቱ ፍንክች የለም። ማዕድ ሲቀርብ እንደ ወጉ አማትባ አትቆርስም፤ ዓይኗን ጨፍና፣ አንገቷን ደፍታ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትቆያለች። እሳቸው ደግሞ ሆን ብለው በዚያች ሰዓት ነው ብርጭቆ የሚያንኳኩት፣ ሳህን የሚጎትቱት። «እንጀራው ደረቀ እኮ!» ይላሉ። እሷ አትመልስም፤ ጨርሳ ስትገልጥ ፈገግ ብላ ትበላለች። ይህ ደግሞ ይበልጥ ያናድዳቸዋል።

ጊዜው ግን ለመናደድ እንኳ የሚመች አልነበረም። የጴንጤ ጸሎት ቤት ታሽጎ፣ ሦስት አራት ሆኖ በሰው ቤት መጸለይ «ሕገ ወጥ ስብሰባ» የሚባልበት ዘመን ነው። የስመኝ ጓደኛ ትግስት የምትባል ነርስ ነበረች። በሰባ ሦስት ጥቅምት ላይ ከተንበረከከችበት አንስተው ወሰዷት። እናቷ ስንቅ ይዘው ከእስር ቤት እስር ቤት ሲንከራተቱ ከረሙ። በየደረሱበት «እዚህ የለችም» እየተባሉ ስንቁን ይዘው ይመለሳሉ።

በዚያው ሰሞን ነው ጋሽ እሸቴ ጓሮ ሲዞሩ ከሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ሹክሹክታ የሰሙት። በሩን ገፋ ሲያደርጉ ስመኝና ሁለት ጓደኞቿ ወለሉ ላይ ተንበርክከዋል።

«አበዳችሁ እንዴ?» አሉ ድምፃቸውን አፍነው። «የቀበሌ ጥበቃ በዚህ አጥር ሥር አይደል የሚያልፈው? ትግስትን የወሰዳት ሰው አገር ለቆ የሄደ መሰላችሁ?»

ጋሽ እሸቴ በሩ ላይ ቆመው ብዙ ተነፈሱ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ ከግድግዳው ጋር የሚነጋገሩ ይመስል፣ «እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ወፍ ለማየት ለገዳዲ እሄዳለሁ። መኪናዬ ውስጥ ቦታ አለ። እዚያ ከደረስኩ ከወፍ በቀር ምንም አላይም፣ ምንም አልሰማም» አሉ።

በዚህ መልክ ሁለት በጋ አለፈ፤ ሦስተኛው ጀመረ። ቅዳሜ ከቢሮ ሲወጡ ቮልሷን አስነስተው ልጆቹን ይዘው ይሄዳሉ። የግድቡ ዘበኞች የድሮ ባልደረቦቻቸው ስለሆኑ እጃቸውን አንስተው ያሳልፏቸዋል። ልጆቹ ባሕር ዛፉ ሥር ዓይናቸውን ጨፍነው ይጸልያሉ፤ ጋሽ እሸቴ ጀርባቸውን ሰጥተው መነፅራቸውን ውሃው ላይ ይተክላሉ። ሰፈሩም ወፍ የሚወዱ ወጣቶች አሉ ብሎ ለመደው።

ያልለመደው ጓድ ደቻሳ ነው። ጓድ ደቻሳ የቀበሌው ካድሬ ነበር፤ ቀጭን፣ ጠይም፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር። ሰው የሚፈራውም ለዚህ ነው፤ የሚጮኸውንማ ማን ይፈራል! የሰባ አምስት ኅዳር ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ዓርብ ጋሽ እሸቴ የቀበሌ ሱቅ በር ላይ ለስኳር ተሰልፈው ሳለ አጠገባቸው መጥቶ ቆመ።

«ጋሽ እሸቴ፣ ነገም ወደ ወፎቹ ነዎት?»

«አዎ ጓድ። ነገም ነኝ።»

«ከወጣቶቹ ጋር?»

«ወፍ የሚወዱ ልጆች ናቸው።»

«ጥሩ ነው። እኔም ወፍ ማየት አምሮኛል። ነገ ቤትዎ እመጣለሁ፤ የፊቱን ወንበር ይያዙልኝ።»

ጋሽ እሸቴ ስኳሩን ረስተው ቤታቸው ገቡ። ስመኝ ነገሩን ስትሰማ ፊቷ አመድ መሰለ።

«እንቅራ አባባ። መኪናው ተበላሸ እንበል።»

«ካድሬ እመጣለሁ ባለ ማግስት መኪና ቢበላሽ ማን ያምናል? እንሄዳለን። ነገ ጸሎት የለም፣ አሜን የለም፣ ምንም የለም። ዓይንሽን ከውሃው ላይ እንዳትነቅዪ። አደራሽን ልጄ። እንደ ትግስት እናት ስንቅ ይዤ መንከራተት አልችልም፤ እዚያው ነው የምሞተው።»

«እሺ አባባ።»

ለሌሎቹ ሁለቱ ግን የሚነግራቸው አልተገኘም። ቤታቸው ሩቅ ነው፤ ሰዓት እላፊው ደርሷል፤ በጠዋት ደግሞ ሁሉም በየሥራው ነው።

ቅዳሜ ጓድ ደቻሳ እንዳለው መጣ። ካኪ ለብሷል፣ ሽጉጡ ወገቡ ላይ ነው። ከፊት ገባ፤ ስመኝ ከኋላ። ጉርድ ሾላ ሲደርሱ ሁለቱ ልጆች፣ ነህምያና አዝመራ፣ እንደ ወትሯቸው መንገድ ዳር ቆመዋል። ነህምያ እዚያው ጉርድ ሾላ ወንበርና ጠረጴዛ የሚሠራ አናጺ ነው፤ አዝመራ አስተማሪ ናት። ነህምያ በሩን ሲከፍት ፊቱ በፈገግታ በርቷል፤ ሁልጊዜ «ጌታ ይባረክ!» ብሎ ነው የሚገባው። አፉን ሲከፍት ስመኝን ሳል ያዛት። ያኔ ከፊት የተቀመጠውን ሰው አየ።

«እንደምን ዋላችሁ?» አለ፣ ላብ እያጠመቀው።

«ጓድ ደቻሳ ዛሬ ወፍ ሊያዩ መጥተዋል» አሉ ጋሽ እሸቴ።

«ደስ ይላል» አለች አዝመራ። ዘንቢሏን ጭኗ ላይ አቀፈች። ኮተቤን ሲያልፉም፣ ሜዳውን ሲይዙም የሚሰማው የቮልሷ ሞተር ብቻ ነው። ጋሽ እሸቴ ሳያስፈልግ ደጋግመው ማርሽ ይለውጣሉ።

ግድቡ ጋ ሲደርሱ፣ እናንተዬ፣ ያን ቀን ወፉ ጉድ ነበር! ውሃው ጠቁሯል። አካፋ አፎቹ በአንድ በኩል፣ መርፌ ጭራዎቹ በሌላ በኩል፣ ሳቢሳው ዳር ዳሩን ነጭ በነጭ አድርጎታል። በሌላ ቅዳሜ ቢሆን ጋሽ እሸቴ በደስታ ራሳቸውን ይስቱ ነበር። ያን ቀን ግን የሚያዩት የካድሬውን እጅ ብቻ ነው። ጓድ ደቻሳ መነፅሩን ከአንገታቸው ላይ ተቀብሎ የራሱ አንገት ላይ አጠለቀው።

«ከየት ነው የሚመጡት?»

«አብዛኞቹ ከሳይቤሪያ ናቸው ጓድ። ከሶቪየት ኅብረት።»

«ቪዛ አላቸው?»

መሳቅ ይገባ እንደሆነ ማንም አላወቀም። ካድሬው ራሱ አልሳቀም። ጥቂት ውሃውን አየና፣ መነፅሩን ከዓይኑ ሳያወርድ ቀስ ብሎ ወደ ልጆቹ ዞረ። በዚያ መነፅር በቅርብ የቆመ ሰው ሲታይ የላቡ ጠብታ ሳይቀር ይቆጠራል። አዝመራ ሻርፗን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች።

«ነህምያ ነህ አይደል?» አለ። «ያ ራሱ አረንጓዴ የሆነው፣ አፉን ውሃ ውስጥ የሚነክረው ምንድነው?»

ነህምያ ውሃውን አየ፣ ጋሽ እሸቴን አየ። «እሱማ… ሽመላ ነው።»

ሽመላ! ይብራውን! ጋሽ እሸቴ በሌላ ቀን ቢሆን በኩርኩም ነበር የሚሉት። ግን ልጁ ምን ያድርግ? እዚህ ሲመላለስ ዓይኑን ከፍቶ አያውቅም።

«ነህምያ ሩቅ አያይም» አለች ስመኝ ቶሎ ብላ። «መነፅር አሠራ ብንለው እምቢ አለን። አካፋ አፍ የምንለው ይብራ ነው ጓድ፤ ወንዱ ነው ራሱ አረንጓዴ።»

«አንቺስ?» አለ ወደ አዝመራ ዞሮ። «ከሁሉም የምትወጂው የቱን ነው?»

«እኔ… ሁሉንም እወዳለሁ» አለች።

«ሁለት ዓመት» አለ ጓድ ደቻሳ ቀስ ብሎ። ምን ሁለት ዓመት እንደሆነ አልተናገረም፤ መናገርም አላስፈለገውም። መነፅሩን አወረደና፣ «ርቦኛል፤ ምሳ አልያዛችሁም?» አለ።

አዝመራ ነጠላ አንጥፋ ዘንቢሏን ፈታች። ዳቦ ወጣ፣ በወረቀት የተጠቀለለ ጨው ወጣ፣ ከዚያ የተቀቀለ እንቁላል ተደረደረ። የነቢያት ጾም ከገባ ሳምንት አልፎታል! በጾም እንቁላል ይዞ የሚወጣ ክርስቲያን ማን ነው? ጴንጤ እንጂ! ልጅቱ ካድሬ መምጣቱን አታውቅ፤ ጠዋት የቀቀለችውን ምን ታድርገው። ጓድ ደቻሳ እንቁላሎቹን አየ፣ ጋሽ እሸቴን አየ፣ ወደ ውሃው ዞሮ መነፅሩን አነሳ።

ያኔ ነው የሆነው። ማንም አስቦ አላደረገውም፣ የሚያናድደውም እሱ ነው! እስካሁን ምላሳቸውን ጠብቀዋል፣ ፊታቸውን ጠብቀዋል። አዝመራ ዳቦውን ስትቆርስ ግን የሦስቱም አንገት በራሱ ጊዜ ተደፋ፣ ዓይናቸው በራሱ ጊዜ ተጨፈነ። ስመኝም ጭምር፣ ያቺ ማታ «እሺ አባባ» ያለችው! ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

ጋሽ እሸቴ ቀና ሲሉ ካድሬው ዞሮ እያያቸው ነው። አንድ እጁ መነፅሩ ላይ፣ አንድ እጁ ቀበቶው ላይ ነው። ከሱ በፊት መናገር አለባቸው፤ ምን እንደሚናገሩ ግን አያውቁም። አፋቸው ቀደማቸው።

«እንዳትገልጡ!» ብለው አንባረቁ። ሦስቱም ባሉበት ደነዘዙ። «ማንም ዓይኑን እንዳይገልጥ! ጆሯችሁን ብቻ! ጓድ፣ ዋናው ሥራችን አሁን ነው። መጀመሪያ በዓይን እናያለን፣ ከምሳ በፊት ደግሞ ጨፍነን በድምፅ እንለያለን። ልጆቹ በዓይን ገና ናቸው፤ በጆሮ ነው ያስለመድኳቸው።»

«እንዲህ ነው?»

«እንዲህ ነው።»

«እስቲ እኔ ልጠይቃቸው» አለ ካድሬው። ነህምያ ፊት ቁጢጥ አለ። «ምን ይሰማሃል?»

ጋሽ እሸቴ የባሕር ዛፉን ግንድ ተደገፉ። ሽመላና ይብራ የማይለይ ልጅ ምን ሊል ነው? አለቀልን፣ ልጄን በገዛ አፌ አስበላኋት አሉ በሆዳቸው።

«በስተግራ…» አለ ነህምያ ዓይኑን እንደ ጨፈነ። «በስተግራ፣ ሸምበቆው ጋ፣ የሚያፏጩ አሉ። ጥንድ ጥንድ ናቸው መሰለኝ፤ አንዱ ሲጀምር ሌላው ይጨርስለታል። መሃል ላይ ያሉት ወሬ አይወዱም፤ ውሃውን ሲመጥጡ ነው የሚሰሙት። ሲነሱ ደግሞ ክንፋቸው አዲስ ሸማ እንደሚቀደድ ይላል።»

«ማዶ፣ እርሻው ላይ ድምፃቸው ጥሩምባ የሚመስሉ አሉ» አለች አዝመራ፣ እሷም እንደ ጨፈነች። «ገና አልመጡም። እነሱ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ነው ወደ ውሃው የሚመጡት። ሲመጡ ሁሉም ይንጫጫል፤ ከዚያ ትንሽ ቆይቶ ጸጥ ይላል። እኔ የምወደው ያን ጸጥታ ነው።»

ጋሽ እሸቴ ወደ ሸምበቆው አዩ፤ የሚያፏጩት እዚያው አሉ፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው። ማዶ አዩ፤ ረጃጅሞቹ ግራጫዎች እርሻው ላይ ናቸው። አንዱም አልተሳሳተም! እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተው በቆሙባቸው በእነዚያ ሁሉ ቅዳሜዎች፣ ልጆቹ ዓይናቸውን እንጂ ጆሯቸውን አልዘጉም ነበር። እንባቸው መጣ፤ ቶሎ ብለው በኮታቸው እጅጌ አፍንጫቸውን ጠረጉ።

ጓድ ደቻሳ ተነሣ። «በቃ ግለጡ» አለ። አንድ እንቁላል አንሥቶ ድንጋይ ላይ መታ፣ ቀስ ብሎ ላጠው፣ ጨው ነካ አደረገውና ለጋሽ እሸቴ ዘረጋላቸው።

«ታላቅ እያሉ አንጀምርም። ይብሉ ጋሽ እሸቴ።»

እንግዲህ ተመልከቱ! እምቢ ቢሉ፣ «እኔ ጾመኛ ነኝ» ማለታቸው ነው። የሚጾሙት እሳቸው ብቻ ከሆኑ፣ የማይጾሙት እነዚህ አንገት ደፊዎች ምንድን ናቸው? ቢበሉ ደግሞ… ቢበሉ፣ ወባ ያላስገደፋቸውን ጾም ሊገድፉ ነው፤ ያውም ጾም አትገድፊ እያሉ ዓመት ሙሉ የጮኹባት ልጃቸው ፊት። ስመኝ በዓይኗ «አይብሉ» አለቻቸው። አዩዋት። ልጅ ሆና እዚሁ ግድብ ዳር ትከሻቸው ላይ ተቀምጣ ይብራ የምትቆጥረው ታየቻቸው።

እንቁላሉን ተቀበሉና በአንድ ጊዜ ጎረሱት። አኘኩ። ዋጡ።

«ጨው አንሶታል» አሉ።

ስመኝ ወደ ውሃው ዞራ አለቀሰች። ካድሬው አያት። ከዚያ ሁሉም በሉ፤ ማንንም አልጣመውም።

ሲመለሱ ጉርድ ሾላ ላይ ነህምያና አዝመራ ወረዱ። ጓድ ደቻሳም ወረደ፤ ልጆቹ እስኪርቁ ጠብቆ፣ ጋሽ እሸቴን በእጁ ጠራቸው። ስመኝን መኪናው ውስጥ ትተው ወረዱ።

«የጆሮውን ነገር ላምንዎት ትንሽ ነበር የቀረኝ» አለ በዚያ ዝግ ባለ ድምፁ። «ጾም እንደማይገድፉ ግን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እንቁላሉን ሲበሉ ነው ሁሉንም ያወቅኩት።»

ጋሽ እሸቴ «እኔን ውሰዱኝ» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ካድሬው ቀጠለ።

«ታላቅ ወንድሜ የተያዘ ጊዜ አባቴን ጠርተው ጠየቁት። አላውቀውም አለ። የገዛ ልጁን፣ ዓይኑ እያየው፣ አላውቀውም አለ።» ጓድ ደቻሳ አንገቱ ላይ ያለውን መነፅር በእጁ ያዝ አደረገ። «ሰኞ ወፍ አየሁ እላለሁ። ሌላ ቅዳሜ ግን የለም። ከእኔ ቀጥሎ የሚላከው ሰው እንቁላል አይልጥልዎትም። ይህ መነፅር ቀበሌ ይቆያል፤ ለምን መሄድ ተዉ ብሎ የሚጠይቅ ካለ፣ መነፅሬን ወሰዱብኝ ይበሉ።»

ይህን ብሎ ወደ መገናኛ በሚወስደው መንገድ ሄደ። ጋሽ እሸቴ ጀርባውን እያዩ ቆመው ቀሩ። መነፅራቸው አብሮት ሲርቅ አንድ እርምጃ ተከተሉት፤ ወዲያው ደግሞ መኪናው ውስጥ የተቀመጠችውን ልጃቸውን አይተው «ይውሰደው! ዓይኔንም ይውሰደው!» አሉ።

ያን ዕለት ማታ ወይዘሮ ወለተማርያም ሽሮ አቀረቡ። አባትና ልጅ ለገዳዲ ላይ የሆነውን አልነገሯቸውም። የእንቁላሉ ጉዳይ በማግስቱ የንስሐ አባት ዘንድ የሚሄድ ነው። ስመኝ እንደ ልማዷ አንገቷን ደፋች፣ ዓይኗን ጨፈነች። ወይዘሮ ወለተማርያም የብርጭቆውን ኳኳታ ሲጠብቁ ምንም ሳይሰማ ቀረ። የጋሽ እሸቴ እጅ ወደ ብርጭቆው ሄዶ ነበር፤ መልሰው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

ስመኝ ጨርሳ ስትገልጥ አባቷ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠዋል። እንፋሎቱ ከሽሮው ላይ ጠፍቷል።

«አባባ» አለች ቀስ ብላ። «ይብሉ እንጂ፤ ቀዘቀዘ እኮ።»

«ይቀዝቅዝ» አሉ ጋሽ እሸቴ ሳይገልጡ። «አንቺ ከጨረስሽ ብዪ። እኔ ገና እየሰማሁ ነው።»